ስንዴ በሁለት ደቂቃ የሚደርስበት መንደር

በማርች 2010 የቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ ምክር ቤት አንድ አባሉን ከኮሚቴ ሥራው አነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው ጉቦ አልበላም፣ ማንንም አልሰደበም። የከተማው በጀት ሲመከርበት ላፕቶፑ ላይ ፌስቡክ ከፍቶ ላም ሲያልብ ነው የተያዘው። ላሟ ያለችው «ፋርምቪል» በተባለ ጌም ውስጥ ነው። ተከሳሹ ሲሟገት «ብቻዬን አይደለሁም፤ ከእኔ የላቀ ደረጃ ላይ የደረሰ የምክር ቤት አባልም አለ» የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ውሳኔው የጸደቀው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነበር።

ብቻውን እንዳልነበረ እውነቱን ነው። በዚያው ወር ፋርምቪልን የሚጫወተው ሰው ብዛት ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። አብዛኛው ደግሞ ጌም ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ጠመንጃ አንጋች ጎረምሳ አይደለም። ፖፕካፕ የተባለው የጌም ኩባንያ በዚያ ዓመት በአሜሪካና በብሪታንያ ባስጠናው ጥናት፣ ፌስቡክን በመሳሰሉ ገጾች ላይ የሚጫወቱ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 43 ሆኖ ተገኘ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ሴቶች ነበሩ። በሕይወታቸው ጌም ነክተው የማያውቁ እናቶችና የቢሮ ሠራተኞች በሻይ ሰዓት ዱባ ይዘሩ ነበር ማለት ነው።

የእነዚህ ጌሞች አሠራር ቀላል ነው። ተጫዋቹ ቁራሽ መሬት፣ ጥቂት ዘርና አንድ ጎጆ ይሰጠዋል። ይዘራል፣ ያጠጣል፣ ያጭዳል፣ ይሸጣል፤ ባገኘው ሳንቲም ዶሮ ይገዛል፣ ቤቱን ያሰፋል፣ መንገድ ይዘረጋል። የሚወጋው ጠላት የለም። ተሸንፎ ከጨዋታ መውጣትም የለም። መንደሩ ትላንት ከነበረበት ዛሬ ጥቂት ያምራል፤ ጨዋታው ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሚሊዮኖችን ለዓመታት እንዴት ያዘ? ይህን ያህል ሰላማዊ ነገርስ እንዴት የወላጆች የባንክ ካርድ መዘዝ ሆነ? የሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው ጌሞቹ በሰው ጊዜ ላይ በሚያደርጉት ነገር ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጃፓን ነው። ያሱሂሮ ዋዳ የተወለደው ከቶኪዮ ርቆ በኪዩሹ ደሴት በሚያዛኪ ነው። በልጅነቱ ከገጠር ወጥቶ ቶኪዮ መግባትን ይመኝ ነበር። ቶኪዮ ገብቶ ሥራ ከያዘ በኋላ ግን ትቶት የመጣው አገር ዋጋው ታየው። ያ ትዝታ በ1996 «ሃርቨስት ሙን» የተባለውን ጌም ወለደ። ጊዜው የጌም ገበያው በድብድብና በሩጫ የተሞላበት ነበር፤ ዋዳ ግን ማሳ፣ ላምና ጎረቤት ያለበት፣ አንዲት ቡጢ የማይሰነዘርበት ጨዋታ ይዞ ቀረበ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላው ጃፓናዊ ካትሱያ ኤጉቺ «አኒማል ክሮሲንግ»ን አወጣ። ኤጉቺም ያደገበትን ቺባን ለቅቆ ኔንቲንዶ ኩባንያ ሊቀጠር ወደ ኪዮቶ የሄደ ሰው ነው። ቤተሰቡና ጓደኞቹ ርቀውበት ብቸኝነት ተሰማው። ራሱ ልጆች ካፈራ በኋላ ደግሞ ከሥራ የሚገባው እያመሸ ስለነበር፣ አባት ማታ ልጆች ከሰዓት እየገቡ የሚጫወቱበት፣ አንዱ ለሌላው ደብዳቤና ስጦታ ትቶ የሚሄድበት መንደር አሰበ።

ስለዚህ የእነዚህ ጌሞች ሥር ናፍቆት ነው። የገንዘብ ማሽን ከመሆናቸው በፊት ከአገሩ የራቀ ሰው የሠራቸው ነገሮች ነበሩ። ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ተሻግሮ የሚኖር የአማርኛ አንባቢ ይህን ስሜት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ናፍቆቱን እውነተኛ ያስመሰለው አንድ ብልሃት አለ፤ ሰዓት። በአኒማል ክሮሲንግ ውስጥ ያለው ሰዓት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጋር አንድ ነው። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይመሻል፤ ሱቁ ማታ ይዘጋል፤ ክረምት ሲገባ ክረምት ነው። ተጫዋቹ ብዙ ቀን ቆይቶ ሲመለስ አረም በቅሎ ያገኛል፤ ጎረቤቶቹም የት ጠፍተህ ነው ይሉታል። በ2006 ላስት ዴይ ኦፍ ወርክ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ አነስተኛ ኩባንያ ያወጣው «ቨርቹዋል ቪሌጀርስ» ይህን ብልሃት አጠነከረው። ከእሳተ ገሞራ ያመለጡ ጥቂት ሰዎች ኢሶላ በምትባል ደሴት ይሰፍራሉ። ተጫዋቹ አንዱን ሰው አንስቶ ማሳ ላይ ካስቀመጠው ሰውየው እርሻ ይለምዳል፤ ምርምር ቦታ ካኖረው ይማራል። የመጀመሪያው ምግባቸው የቁጥቋጦ ፍሬ ነው፤ ያ ደግሞ ያልቃል። ከማለቁ በፊት እርሻ ካልጀመሩ ይራባሉ። የወለደች እናት ሕፃኗን ታቅፋ ሥራ ትፈታለች። ሽማግሌ ይሞታል፣ ይቀበራል። ዋናው ነገር ግን ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ሕይወት መቀጠሉ ነው፤ ሰዎቹ ይበላሉ፣ ያረጃሉ። ምግብ ሳያዘጋጅ ቀናት የጠፋ ሰው ሲመለስ መንደሩን ባዶ ሊያገኘው ይችላል።

ጌሞቹ ሰው የሚስቡበት ምክንያት እዚህ ጋ ግልጽ ይሆናል። በቢሮ ሕይወት ውስጥ የልፋት ፍሬ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ሪፖርት ይጻፋል፣ ይላካል፣ ይረሳል። በጌሙ መንደር ጠዋት የተዘራው ማታ ይታጨዳል። በእውኑ ዓለም አንድ ሰው ብቻውን ሊያስተካክለው የማይችለው ነገር ብዙ ነው፤ እዚህ ግን የተሰበረው ድልድይ በእርሱ እጅ ይጠገናል። በዚያ ላይ «እኔ ስላለሁ ነው የተረፉት» የሚል ስሜት አለ። ለጥቂት የሥዕል ሰዎች እንኳ ቢሆን፣ ማሰብ ሰውን ያሳርፋል።

በ2020 ይህ እረፍት ለዓለም በተለይ አስፈለገ። አዲሱ የአኒማል ክሮሲንግ ጌም ገበያ የወጣው ማርች 20 ቀን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ወረርሽኝ ብሎ ካወጀ ገና ዘጠኝ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ቤት ተዘግቶበት ሳለ ባሕር ዳር የሚሄድበት ደሴት አገኘ። በስድስት ሳምንት ከ13 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በኋላ ከ45 ሚሊዮን አልፏል። ልደት እዚያ ተከበረ፤ የተሰረዙ ሠርጎች እዚያ ተደገሱ። በዚያው ዓመት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኩባንያዎቹ የተገኘ እውነተኛ የጨዋታ ሰዓት መዝገብ ይዘው፣ ይህንኑ ጌምና ሌላ አንድ ጌም የሚጫወቱ 3,274 ሰዎችን ጠየቁ። ረጅም ሰዓት የተጫወቱት በጥቂቱም ቢሆን የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። ዜናው «ጌም ለጤና ይጠቅማል» ተብሎ ተናፈሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ የሰባት ጌሞች ተጫዋቾችን ሲከታተል ግን፣ የጨዋታው ርዝማኔ በስሜታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ እጅግ አነስተኛ ወይም የሌለ ሆኖ ተገኘ። ጌም መድኃኒትም መርዝም አይደለም ማለት ነው፤ ቁም ነገሩ እንዴት ያለ ጌም እንደሆነና ለምን እንደሚከፈት ነው።

ይህን ለማየት ወደ ፋርምቪል መመለስ ያሻል። ጌሙ የተጀመረው በጁን 2009 ሲሆን ሠሪው ዚንጋ ይባላል። አስቀድሞ «ሃፒ ፋርም» የተባለ የቻይና ጌም በዚያች አገር ገንኖ ነበር፤ ሰዎች ሌሊት በደወል ተነስተው ከጎረቤት ማሳ አትክልት ይሰርቁ እንደነበር ይነገራል። ዚንጋ ከእንደነዚህ ያሉ ቀዳሚ ጌሞች አንድ ትምህርት ወሰደ፤ ሰዓት ቀጠሮ ሊሆን ይችላል። የፋርምቪል እንጆሪ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ደርሶ ሳይሰበሰብ ከቆየ ይጠወልጋል፤ የተከፈለበት ዘርም ይባክናል። ጠዋት የዘራ ሰው ከሰዓት መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ነው ስብሰባ መሃል ላም የማለቡ ነገር የሚመጣው፤ ሰውየው ያን ጊዜ ጌም የከፈተው ደስታ ሽቶ ሳይሆን የቀጠሮ ሰዓቱ ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ጎረቤት ነው። ተጫዋቹ ማሳ ለማስፋት ወይ ገንዘብ መክፈል፣ ወይ ብዙ ጎረቤት ማስመዝገብ ነበረበት። ጎረቤት የሚገኘው ደግሞ የፌስቡክ ጓደኛን በመጋበዝ ነው። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ወንፈልን ማስታወሱ አይቀርም፤ ዛሬ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ የአንተን አጭዳለሁ። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በወንፈል ጎረቤት ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲያመው ይጠየቃል። በፋርምቪል ጎረቤት ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት ያልተያዩ የክፍል ጓደኞች የጠፋች ላም መልእክት ተላላኩ እንጂ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ጌሙን የማይጫወቱትም በመልእክቱ ብዛት ተማርረው ነበር፤ ፌስቡክም በ2010 እነዚህን መልእክቶች ለመገደብ ተገደደ። መገደቡ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ፌስቡክ ወደ አክሲዮን ገበያ ሲወጣ ባቀረበው ሰነድ ከ2011 ገቢው 12 ከመቶው በዚንጋ በኩል የመጣ እንደነበር ገልጿል።

በወቅቱ በጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የጌም ተመራማሪ ኢያን ቦጎስት ይህን ሁሉ ለማጋለጥ በ2010 ራሳቸው አንድ ጌም ሠሩ። ስሙ «ካው ክሊከር» ነው። ማሳ የለም፣ መኸር የለም፤ አንዲት ላም ብቻ ቆማለች። ተጫዋቹ ይነካታል፤ ከዚያ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ እንደገና ይነካታል። መጠበቅ የሰለቸው መክፈል ይችላል። ያማረ ላም የሚፈልግም ይገዛል። ቦጎስት ሰዎች አይተው ያፍሩበታል ብለው ነበር የጠበቁት፤ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ግን ከልቡ ተጫወተው። በሴፕቴምበር 2011 ላሞቹን ሁሉ አጥፍተው ባዶ ሣር ብቻ ተዉ። አንዳንዶች ባዶውን ሣር መንካታቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ዓይነት ጌም ድክመት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል፤ የመንደሩ ውበት፣ ናፍቆቱ፣ ላሟ ራሷ እንኳ ተወስደው ቀጠሮው ብቻውን ሰውን መጎተት ችሏል።

ቀጠሮ ካለ መጠበቅ አለ፤ መጠበቅ ካለ ደግሞ ለማሳጠር የሚከፍል አይጠፋም። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ይህ ንግድ ወደ ልጆች እጅ ደረሰ። ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ፔዮ በ1958 የፈጠራቸው ሰማያዊ ድንክዬዎች በ2010 መጨረሻ «ስመርፍስ ቪሌጅ» የሚባል የስልክ ጌም ሆኑ። ጌሙ በነፃ ይጫናል። ሰብሉ ቶሎ እንዲደርስ፣ ቤቱ ቶሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፍሬ ግን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ ትልቁ ጥቅል መቶ ዶላር ገደማ ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በዚህ ጌም 1,400 ዶላር እንዳወጣች ዘገበ። ልጅቷ ትኖር የነበረው በሜሪላንድ ሮክቪል ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ። ልጅቷ የምታወጣው እውነተኛ ገንዘብ መሆኑን አታውቅም ነበር።

እንዴት ሆነ? በወቅቱ በአፕል ስልክ አንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ለ15 ደቂቃ ሌላ ጥያቄ ሳይቀርብ መግዛት ይቻል ነበር። እናት ጌሙን ለመጫን ቃሉን አስገብታ ስልኩን ለልጇ ስትሰጥ፣ ሳታውቀው ክፍት ቦርሳ ሰጠች ማለት ነው። ቅሬታው በዛ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ያዘ፤ በጃንዋሪ 2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ጉግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ለመመለስ ተስማማ። ዛሬ ሁለቱም ስልኮች ግዢን በይለፍ ቃል የሚያግዱበት ማስተካከያ አላቸው። ማስተካከያው መብራቱን ግን ወላጁ ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ንግዱ ለሰለሰ እንጂ አልቀረም። የሄልሲንኪው ሱፐርሴል በ2012 ያወጣው «ሄይ ዴይ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ስንዴው በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ ሳይታጨድ ቢቆይም አይጠወልግም፤ ፋርምቪል ላይ የነበረው ቅጣት የለም። ለጀማሪ በጣም ደስ ይላል። ደረጃ እየጨመረ ሲሄድ ግን የሚፈለገው ነገር ከደቂቃ ወደ ሰዓታት ይረዝማል፤ ጎተራውም ይሞላል። ጎተራ ለማስፋት ብሎንና ሳንቃ የመሳሰሉ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ የሚገኙት በዕድል ነው። አልማዝ ያለው አይጠብቅም። አልማዝ በገንዘብ ይገዛል። ጌሙ ማንንም አያስገድድም፤ ሳይከፍሉ ለዓመታት የሚጫወቱ አሉ። ነገር ግን ትዕግሥትን የሚያስተምር የሚመስለው እርሻ ከትዕግሥት ማነስ የሚያተርፍ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ይህ መንገድ ግዴታ እንዳልነበረ ያሳየ አንድ ሰው አለ። ኤሪክ ባሮን በሲያትል አካባቢ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት ነበር። ማታ ማታ ቲያትር ቤት በር ላይ እንግዳ እያስተናገደ፣ ቀን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ፤ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ታሪኩን፣ ኮዱን ሁሉ ራሱ ሠራ። «ስታርዱ ቫሊ» በፌብሩዋሪ 2016 ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነበር። አንዴ ከተከፈለ በኋላ የሚሸጥ አልማዝ የለም፤ በኋላ የተጨመሩት ሰፋፊ ክፍሎች ሁሉ በነፃ ተሰጡ። እስከ 2024 መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በዚህ ጌም አንድ ሙሉ ቀን ከ15 ደቂቃ ያነሰ ነው፤ ጌሙ ሲዘጋ መንደሩም ይቆማል። ተጫዋቹ ለወር ቢጠፋ ሰብሉ በነበረበት ይጠብቀዋል። ባሮን ሰዓቱን ለተጫዋቹ መልሶ ሰጠው ማለት ይቻላል፤ በዚህ ዘርፍ ከተሠራው ሁሉ ይበልጥ የሚከበረውም ለዚህ ይመስላል።

ይህ ምርጡ ጌም እንኳ ግን መንደርን አያውቅም። ቡናን እንውሰድ። በስታርዱ ቫሊ የቡና ፍሬ በተዘራ በአሥር ቀን ያፈራል፤ ከዚያም በየሁለት ቀኑ ይለቀማል፤ አምስት ፍሬ አንድ ስኒ ይሆናል። የጅማ ወይም የይርጋ ጨፌ ገበሬ ችግኝ ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት ይጠብቃል። ያም ደርሶ ዋጋው የሚወሰነው እርሱ አይቶት በማያውቀው ገበያ ነው። በጌሙ ውስጥ ግን የሰብል መደበኛ ዋጋ አይወድቅም። ሺህ ዱባ በአንድ ቀን ቢሸጥም ገበያው አይጠግብም። ማታ ሳጥን ውስጥ የገባው ጠዋት ገንዘብ ሆኖ ይገኛል፤ ደላላ የለም፣ የመኪና ኪራይ የለም። ዝናብ ብዙውን ጊዜ በጎ ነው፤ ማጠጣትን ያስቀራል እንጂ ማሳ አያጥብም። የድንበር ክርክር፣ የውርስ ክፍፍል፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚባል ነገር አይታወቅም። ጌም የግብርና ትምህርት ቤት የመሆን ግዴታ እንደሌለበት እርግጥ ነው። ሆኖም አብዛኛው ሕዝቧ በእርሻ በሚኖርባት አገር ያደገ፣ ከተሜ የሆነ ልጅ ስለ ገጠር የሚያውቀው ከዚህ ብቻ ከሆነ፣ ገበሬ የሚደኸየው ስላልሠራ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። ይህ ከባከነ ሰዓት የከፋ ጉዳት ነው።

ጎረቤቶቹም እንደዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ሲተዋወቁ ሕያው ይመስላሉ፤ በስታርዱ ቫሊ የሚጠጣና ራሱን የጠላ ሰው አለ፣ ከጦርነት የተመለሰ አባት አለ፤ ታሪካቸው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ሆኖም ወዳጅነት የሚገዛው በስጦታ ነው፤ ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወደውን ዕቃ መስጠት ይበቃል። ታሪኩ ሲያልቅ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማሉ።

የመጨረሻው ድክመት የሚታየው ዘግይቶ ነው። ፋርምቪል የተሠራበት ፍላሽ የተባለ ቴክኖሎጂ በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ዚንጋ ጌሙን ዲሴምበር 31 ቀን ዘጋው። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ግዢ ቆመ፤ በእጅ የቀረውን የጌም ገንዘብ ተጫዋቾች ጌሙ ከመዘጋቱ በፊት እንዲጨርሱት ተነገራቸው። አሥራ አንድ ዓመት የተለፋበት፣ እውነተኛ ዶላር የተከፈለበት ማሳ ከኩባንያው ኮምፒውተር ጋር ጠፋ። ተጫዋቹ ባለመሬት አልነበረም፤ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ጭሰኛ ነበር።

እንግዲህ ልጅ ወይም የልጅ እናት «ይህን ጌም ጫኑልኝ» ሲሉ የሚታዩ ጥቂት ነገሮች አሉ። በጉግል ፕሌይም ሆነ በአፕል መደብር ውስጥ ተጨማሪ ግዢ ያለው ጌም ይህ ከመጫኛው ቁልፍ አጠገብ ይጻፍበታል፤ ካለ፣ ስልኩ ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማስተካከል ነው። ቀጥሎ ጌሙ ራሱ ሰውን በማሳወቂያ ድምፅ ይጠራ እንደሆነ፣ ሲዘጋም ሰብሉ ይጠወልግ እንደሆነ መመልከት ነው። ስታርዱ ቫሊ ከ2018 ጀምሮ በአፕል ስልክ፣ ከ2019 ጀምሮ በአንድሮይድ አለ፤ ዋጋው አስቀድሞ አንዴ ይከፈላል፣ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል።